ጠንካራዋ ሪሞት

ውድ ሹራቤ፣

የተሰናበትሽ ቀን፣ ሰው ሁሉ ኬኩን በእጁ ይዞ በቆመበት፣ «አንቺም እንግዲህ ፊደል ቆጥረሻል፣ ደብዳቤ ጻፊልኝ» ብለሽኝ ነበር። ሰዉ ሳቀ። የሳቁት በፊደል ትምህርቱ የመጀመሪያ ዙር ያለፍሽው አንቺ፣ የወደቅኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። እኔም ጥርሴን ገለጥ አደረግኩላቸው። ይኸው ጻፍኩልሽ።

ይህን የምታነብልሽ ምራትሽ እንደሆነች አውቃለሁ። ጤና ይስጥልኝ በያት። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንብበው፤ የቤቱ ሰው ቢሰማ ግድ የለኝም፤ እንዲያውም እንዲሰማ ብዬ ነው። መጨረሻው ላይ ግን ለአንቺ ብቻ የተጻፈ አለ። እዚያ ስትደርስ እነግራታለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። እጄ እንደተሰነጣጠቀ ነው። ትልቁ ማሽን አሁንም ሲጨምቅ ከቦታው እየተነሣ ይዘላል፤ ይጠገናል እንደተባለ አለ። ወንበርሽ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ትምህርቷን የጨረሰች ናት። «ማዘር» ትለኛለች፤ ቀና ብላ ግን አታየኝም። ክፉ አይደለችም። ጋሪዬን ካርዱን እያየች ታራግፈዋለች፤ ምንም መናገር አያስፈልገኝም። ዝም ብሎ መመለስን እስካሁን አልለመድኩትም።

ምራትሽ እንድትከተለው ከሥሩ ልጀምር። እኔና አንቺ አንድ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው ያረጀነው። እኔ ማሽኑ ጋ፣ እርጥቡ ላይ። አንቺ ካውያው ጋ፣ እንፋሎቱ ላይ። መገጣጠሚያሽን ስለሚያምሽ በዚያ ሙቀት እንኳ ሹራብሽን አውልቀሽ አታውቂም፤ ሹራቤ መባልሽ ከዚያ ነው። እኔን ፊቴን አይተው ኮምጣጤ አሉኝ። ስሙን ማን እንዳወጣው አውቃለሁ፤ አንቺ ነሽ። በአንቺ አፍ ሲሆን አይከብደኝም ነበር።

ድሮ የየክፍሉን አንሶላ የምንለየው በታሰረበት ክር ነው። ቀይ የማዋለጃ፣ ሰማያዊ የቀዶ ጥገና፣ ቢጫ የሕፃናት። ከዚያ አዲስ አስተዳደር መጣና ክር ይቅር፣ በየእሽጉ ላይ ስም የተጻፈበት ካርድ ይንጠልጠል አለ። እሽጉን እየተቀበለ የሚደረድረው የዕቃ ቤቱ ሰውዬም በዚያው ሰሞን ጡረታ ወጣና ወንበሩ ባዶ ሆነ። አለቃችን ከሰዓት በኋላ ጎልማሶችን የሚያስተምሩበት ክፍል ልኮን፣ «ማንበብ ችሎ በቅድሚያ ያለፈ ሰው፣ ወንበሩ የሱ ነው» አለ። ወንበሩ ደረቅ ቦታ ላይ ነው፣ ማሞቂያ አጠገብ። ሁለታችንም ተመኘነው። ሁለታችንም «ለኔ ምን ያደርግልኛል» አልን።

አስተማሪያችን ልጃችን የምትሆን ናት። መጀመሪያ ቀን ለእያንዳንዳችን መዳፍ የምታክል ነገር አደለችን። ክሊከር ይባላል አለች፤ እኛ ሪሞት አልናት። አብሮን የሚማረው የበሩ ዘበኛ ገለበጥ ገለበጥ አድርጎ አያትና «ቴሌቪዥኑስ የታለ?» ሲል አንቺ እንባሽ እስኪመጣ ሳቅሽ። ጥያቄው ግድግዳው ላይ በትልቁ ይወጣል፣ ከሥሩ በቁጥር አራት መልስ አለ፣ ትክክል የመሰለሽን ቁጥር ትጫኛለሽ። አምስተኛዋ ቁልፍ «አላውቅም» ናት። «አታፍሩ፣ ያላወቀ እሷን ይጫን» ትለን ነበር። ከዘበኛው በቀር ነካኋት ያለ ሰው ግን የለም።

ሁሉም ሰው ሲጫን ባለ ቀለም ዘንጎች ከሥር ወደ ላይ ያድጋሉ። የማን መልስ የትኛው እንደሆነ አይታይም። አንድ ሰው ከቀረ ግን አስተማሪዋ አታልፍም፤ «አንድ ሰው እየጠበቅን ነው» ብላ ትቆማለች። ብዙ ጊዜ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ቆሞ የኔን መልስ ሲጠብቅ የመጀመሪያዬ ስለነበር ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሪሞትሽ አስቸገረችሽ። ቁልፎቿ ጠንካራ ናቸው፤ ካልደቆስሻቸው አይገቡም። አውራ ጣትሽ ቀልቶ አብጦ አየሁት። «የኔን ውሰጂ፣ ለስላሳ ናት» አልኩሽ። ከዚያ ቀን ወዲያ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የሪሞቶቹ ባለኪስ ጨርቅ ውስጥ እኔ ያንቺን፣ አንቺ የኔን መዘዝን። ለአስተማሪዋ መንገር በአሳባችን አልመጣም። ሪሞት ለኔ እንደ እስክሪብቶ ነበረች። የሚጽፈው የያዛት ሰው ነው።

ስጫን እጄን በሌላው እጄ እሸፍናለሁ፤ ከኔ እንድትገለብጪ አልፈለግኩም። ትክክለኛው መልስ ሲበራ ሁልጊዜ ጎኔን ጎሰም ታደርጊኝና «አገኘሁት» ትያለሽ። አንድም ቀን ሳትኩ ብለሽ አታውቂም። እኔም አመንኩሽ። ለምን አላምንሽም?

ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል በዚያችው ሪሞት ምርጫ አደረግን። በመዝጊያው ቀን ማን ይናገር ተባለ፤ እኔና አንቺ ተጠቆምን። የሁለታችን ስም ከነቁጥሩ ግድግዳው ላይ ወጣ። አስተማሪዋ አላነብላችሁም፣ ራሳችሁ አንብባችሁ ምረጡ አለች። በአንድ ድምፅ ብቻ በለጥሽኝ። ንግግሩን እሷ ጻፈችልሽ፤ እኔ ማድረቂያው ጀርባ ቆሜ እያነበብኩልሽ በቃልሽ ያዝሽው። ዓይኔን እየጋረደኝ ነው አልሽኝ። እሱንም አመንኩ።

ከዚያ በሪሞቶቹ የመለስነው ተቆጥሮ ውጤት ተነገረ። አንቺ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሽ። እኔን አስተማሪዋ ጠጋ ብላ፣ እንዳላፍር ድምፅዋን ቀንሳ፣ እንድደግም ነገረችኝ። ልቤ መልሶቹን እንዳገኘኋቸው ያውቃል። ግን ጠንካራዋ ሪሞት መልሴን ሳታደርስልኝ ቀርታ ነው አልኩ። ለሰው ብዬ የወሰድኩት ነገር በላኝ ብዬ ደመደምኩ። አንቺን አልጠረጠርኩም፤ ደግነቴን ነው የረገምኩት።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥሽ። በመጀመሪያው ሰሞን የቀዶ ጥገናው ጨርቅ ሕፃናት ክፍል ሄዶ ነርሷ እየጮኸች መጣች። ዓይንሽ ነው ብዬ አሁንም ለራሴ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ጋሪውን እየገፋሁ ስገባ ካርዱን ድምፅ አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ለራሴ የማወራ አስመስዬ። «ይሄ የማዋለጃ ነው፣ ከበደኝ። ይሄ ደግሞ የሕፃናት፣ ምነው ዛሬ በዛ።» አንቺ ሳታዪኝ እየተቀበልሽ በየመደርደሪያው ታስቀምጫለሽ። ከዚያ ወዲህ ነርሷ አልመጣችም።

አንድ ቀን አለቃችን ሰማኝ። ኮምጣጤ ደግሞ ከማን ጋር ነው የምታወራው ብሎ አንቺን ጠየቀ። አንቺም ሹራብሽን ሰብሰብ አድርገሽ «ተዋት፣ ዕድሜ ነው» አልሽው። ሳቃችሁ። እኔ የያዝኩትን እሽግ አነበብኩልሽና ወጣሁ። የቀዶ ጥገና ነበር።

በሁለተኛው ዙር ክፍሉ ውስጥ አንቺ የለሽምና የራሴን፣ ለስላሳዋን ሪሞት መልሼ ያዝኩ። ጥቂት እንደቆየን አስተማሪዋ ከክፍል በኋላ አስቀረችኝና ላፕቶፗን አዞረችልኝ። ያለፈው ዙር መልሳችን በሁለት ረድፍ ተቀምጦ ነበር። በኔ ስም ፊት ያለው ቀይ በቀይ፤ ካንቺ ስም ፊት ያለው አረንጓዴ። «አሁን አንድም አትስቺም። ያኔ ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። እያንዳንዷ ሪሞት የባለቤቷ ስም እንዳለባት፣ ማን ይያዛት ማን መልሱ የሚሄደው ወደዚያ ስም እንደሆነ ያኔ ነው የነገረችኝ። ረድፉን በጣቴ ተከትዬ አየሁት። አረንጓዴው ሁሉ የኔ ነው። አንዳንዱን ጥያቄ አስታወስኩት።

ምን እንደተሰማኝ ብነግርሽ ደስ ባለኝ፤ ምንም አልተሰማኝም። እጄን ለረጅም ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሬ ሳወጣው እንደሚሆነው ነው። «ዓይኔን አሞኝ ነበር» አልኳት። ያንቺን ሰበብ ተዋስኩ። እውነቱን ብናገር ከወንበሩ ትነሺ ነበር፤ ዝም ያልኩት ግን ለአንቺ አዝኜ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። ተመልሼ ሄጄ ማሽኑ ውስጥ የቀረውን አወጣሁ።

ከዚያ አለፍኩ። የማለፊያ ወረቀቴ ፍራሼ ሥር አለ። ብዙም ሳይቆይ ልጅሽ አብረሽኝ ኑሪ ብሎ ሊወስድሽ መጣ፤ ወንበሩም ሊለቀቅ ሆነ። አለቃችን በአንቺ ቦታ ማንን ላስቀምጥ ብሎ ሲጠይቅሽ እኔ በሩ ጋ ጋሪ ይዤ ቆሜያለሁ። እንደቆምኩ አይተሽኛል። «ምስኪኗን አታድክማት፣ ማጠቢያውን ለምዳዋለች» አልሽው።

ይሄ ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር በአንቺ ቤት፣ በሰው ድምፅ፣ ጮክ ተብላ እንድትሰሚያት ፈልጌ ነበር። ሰማሻት። አሁን ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ስጽፈው ግን ደስታው አልመጣም።

ልጄ፣ አንቺ የምታነቢው፣ እዚህ ላይ አቁሚ። ወረቀቱን ለአማትሽ ስጫት። መነጽሯንም አቀብያትና ሌላ ክፍል ሂጂ። እግዜር ይስጥልኝ።

ሹራቤ፣ ከዚህ በታች ፊደሉን አተለቅኩት። ቃላቱ ቀላል ናቸው። ቀስ በይ። በጣትሽ ተከተዪ።

ላፕቶፑ ላይ ሌላ ነገር ነበር።

ከሥር ነበር። ምርጫው ነበር።

አንድ ቁጥር ያንቺ ስም ነው።

ሁለት ቁጥር የኔ ስም ነው።

ያንቺ ሪሞት አንድን መርጣለች።

የኔ ሪሞት ሁለትን መርጣለች።

አስተማሪዋ ሳቀች። «ሁለታችሁም ራሳችሁን መረጣችሁ» አለች።

ላፕቶፑን መልሼ አዞርኩላት።

ያንቺ ሪሞት እኔ እጅ ነበረች። አንድን የተጫንኩት እኔ ነኝ።

የኔ ሪሞት አንቺ እጅ ነበረች።

ስምሽን ታነቢያለሽ። ከሁሉ በፊት የተማርሽው እሱን ነው። ቢያንስ እሱን ታውቂዋለሽ።

ስምሽን አየሽው። ተውሽው። የኔን ተጫንሽ።

ማጠቢያው ጋ አንድ ቅርጫት አለ። ታውቂዋለሽ። ካርዱ የወደቀ እሽግ እዚያ ይቀመጣል። የማን እንደሆነ እስኪታወቅ።

የወንበሩን ነገር የት እንደማስቀምጠው አውቃለሁ። ይሄን ግን ቅርጫቱ ውስጥ ጣልኩት። እስካሁን እዚያ አለ።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሻለሁ።

ይህን ራስሽ ካነበብሽው፣ ወረቀት ላይ አንድ ብለሽ ላኪልኝ።

ሰው ካነበበልሽ፣ ሁለት ብለሽ ላኪልኝ።

ሌላ አትጻፊ። እስክትጫኚ አላልፍም።

ስሜን አልጽፍም። ሁለተኛው መስመር ላይ የነበረው ነው።