የአባዬ መዝሙሮችና እርስዎ ያስመጡት ትልቅ ሰርቨር

ሀዋሳ፣ ታቦር
የካቲት 2003 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ደረሰ፣

«ውድ» ያልኩዎት የአባቴ ታናሽ ወንድም ስለሆኑ ነው። በሌላው ፍቺው ቢወስዱትም አልከፋም፤ በጣም ውድ ሆነውብናል። ለታላቅ መልስ አይሰጥም ብዬ እስከ ዛሬ ዝም አልኩ። አሁን ግን ዝምታው እኔኑ አፈነኝ።

አባዬ ካረፈ በኋላ ካሴቶቹን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ ከረምኩ። ለመዘምራን የደረሳቸው መዝሙሮች፣ ከአዛውንት ጋር በሲዳምኛ ያደረጋቸው ጨዋታዎች ነበሩ። እማዬ እግሯ አልታዘዝ ካላት ወዲህ ከአልጋዋ አትወርድም። እሷ እዚያው ሆና እንድትሰማው፣ ወጣቶቹ መዘምራንም ሳሎን ሲለማመዱ እንዲያገኙት ቤቱን በገመድ ላገናኘው አልኩ። ዕቅዴ ቀላል ነበር፤ ፒያሳ ካለው ጥገና ቤት መዝሙሮቹን ይዞ ለየክፍሉ የሚያካፍል ሰርቨር እንዲሆን አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር፣ ገመዶቹን የሚያገናኝ አንድ ትንሽ ስዊች፣ ገመዱን ራሴ እዘረጋለሁ። «ለዚህ ከያዝነው ብር የተረፈው መብራት ሲቆራረጥ ለሚጠብቀን ዩፒኤስና ለሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ይሁን። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይኖረናል» አልኩ።

እርስዎ ምን አደረጉ? በእንግዶች ፊት ሳቁብኝ።

«የወንድሜ የኩማ ድምፅ የቁራሌው ዕቃ ላይ አይቀመጥም!»

«ጋሼ፣ ድምፁን የሚጠብቀው የሳጥኑ ትልቅነት አይደለም» ብልዎ፣ «አንቺ ልጅ፣ ዲግሪ ያዝኩ ብለሽ ታላቅሽን ልታርሚ ነው?» አሉኝ። እማዬም «የወንድሙን ክብር እሱ ያውቃል፣ ተይው» አለች። እንደዚያ ያለችው ስላመነችዎት ነው።

ከአዲስ አበባ ያስጫኑት ሰርቨር መጣ። ለመሥሪያ ቤት የተሠራ፣ ፍሪጅ የሚያክል፣ ሲነሳ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ። ከጩኸቱ የተነሳ እማዬ መዝሙሩን በቅጡ አትሰማም ነበር። ብሩ እሱ ላይ አለቀ፤ ዩፒኤሱም ሁለተኛው ዲስክም ቀረ። «ይህን የሚያህል ዕቃ ምን ይሆናል?» አሉ። መዝሙሮቹንና ጨዋታዎቹን በሙሉ እዚያ ላይ አስገለበጡኝ። እኔ ሥራ በሄድኩበት ደግሞ ካሴቶቹንና መጀመሪያ የገለበጥኩበትን አሮጌ ኮምፒውተር «ኮተት» ብለው አስጣሉ።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን መብራቱ ሄዶ ሲመለስ ሰርቨሩ እንደ ጥይት ጮኸ፤ ቤቱን የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ሞላው። ጠጋኙ ካሳሁን ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። ዲስኩ አልቆለታል። ደውዬ ስነግርዎት ምን አሉኝ? «መብራቱን እኔ ነኝ ያጠፋሁት?» አዎ፣ ያሉት ይህንኑ ብቻ ነው! «የወንድሜን ድምፅ!» እንኳ አላሉም።

ተናደድኩ፤ ግን እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። የመዘምራኑ መሪ ሮማን ለልምምድ ብላ በፍላሽ የወሰደቻቸው ነበሩ። ከመዘምራኑ አንዱ ኢዮስያስ ለሠርጉ ያስቀዳው ሲዲም ተገኘ። ቤት ለቤት ዞሬ ከመዝሙሮቹ ግማሽ ያህሉን ሰበሰብኩ። የአዛውንቱ ጨዋታ ግን አንዱም የለም፤ ያወሩት ሰዎችም አልፈዋል። ይህንን በምን ይመልሱልኛል?

አሁን የቤቱ ገመድ በመጀመሪያው ዕቅዴ መሠረት ተዘርግቷል። ያገለገለው ኮምፒውተር ሳሎን ጥግ ሆኖ ድምፁን ሳያሰማ ይሠራል፤ ሁለተኛው ዲስክ ሮማን ቤት ይቀመጣል። ባለፈው እሑድ እማዬ የአባዬን ድምፅ ሰምታ ትራሷን አቅፋ አለቀሰች። ከዚያ «ሌሎቹስ?» አለችኝ። እርስዎ «ካሴቶቹን በደንብ አስቀምጫቸዋለሁ» ስላሏት እስከ ዛሬ ታምናለች። እኔ አልነገርኳትም። እኔ አልጣልኳቸውማ!

ከተገኙት መዝሙሮች በአንዱ ከአባዬ ድምፅ ሥር ሌላ የወጣት ድምፅ አለ። እማዬ ወዲያው ለየችው፤ የእርስዎ ነው። በንዴት ልሰርዘው እጄን ዘርግቼ ነበር፤ አልሰረዝኩትም። ለፋሲካ ይምጡ። ግን መጀመሪያ እማዬ አልጋ አጠገብ ይቀመጡና ካሴቶቹን ማን እንደጣላቸው በራስዎ አፍ ይንገሯት። እስኪነግሯት ድረስ ያንን መዝሙር አልከፍትልዎትም።

የወንድምዎ ልጅ፣
ሄራን ኩማ