አህያችንን አነጋገር ላስተማሩልን ኃላፊ

ለክቡር የቴሌቪዥን ጣቢያው የልጆች ፕሮግራም ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? የመካነ ሰላም ብርድ በማይደርስበት ቢሮዎ፣ በሚሽከረከረው ወንበርዎ ላይ ጤናዎ እንዲጠበቅ ዘወትር እመኛለሁ። እኔ የኋላሸት፣ ጣቢያዎ እዚህ መካነ ሰላም ከፍቶት ባለፈው ሰኔ በዘጋው የካርቱን ስቱዲዮ ውስጥ «ሸጋው» የተባለውን አህያ እስል የነበርኩ ሰው ነኝ። ሸጋው ከዓባይ በረሃ ጭነት ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ፣ መንገድ ላይ የደከመውን ሁሉ አይዞህ ለማለት «አብሽር» ይል እንደነበር፣ ፊልሙን አንድም ቀን ስላላዩት ላስታውስዎ እወዳለሁ።

ምስጋናዬም እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ. «አብሽር» የገጠር ቃል ስለሆነ ለልጆች አይመጥንም ብለው በማኅተም ስላገዱልን እናመሰግናለን። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሐዘንተኛ የሚያጽናናበት ቃል ነውር መሆኑን እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አልነገረንም ነበር።

2ኛ. በምትኩ አህያው «የተጣለብህን ኃላፊነት በብቃት ተወጣ» እንዲል ስላዘዙልን እናመሰግናለን። ለሸጋው ድምፅ የምትሰጠው መምህርት ሁዳ ሳቋ እያመለጣት ቀረጻውን አሥራ አንድ ጊዜ ደገመችው፤ በአሥራ ሁለተኛው አለቀሰች። ከአቀስታና ከአጅባር ይደውሉልን የነበሩ ልጆችም አህያው ታሞ እንደሆነ ጠየቁን፤ ከዚያ በኋላ መደወሉን ተዉት።

3ኛ. ልጆቹን ራስዎ ካባረሩ በኋላ «ተመልካች ቀንሷል» ብለው ስቱዲዮውን ስለዘጉ እናመሰግናለን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ እርስዎ ግን ሁለቱንም ሳይፈሩ ስለመቱ ድፍረትዎን አደንቃለሁ። በሸጋው ሰዓት አሁን ከውጭ የተገዛ፣ የራሱ መዋኛ ገንዳ ያለው ውሻ ይታያል። የአጅባር ልጅ ከዚህ ውሻ ምን እንደሚማር እርስዎ ያውቃሉ። እኔ ግን ተናድጃለሁ፤ እጄ አሁንም ወረቀት ባገኘ ቁጥር የሸጋውን ጆሮ ይስላል፣ የሚያናግረው ሰው ግን የለም።

ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ የማኅተምዎን ቀለም አያድርቅብዎ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የቀድሞው የአህያ ሠዓሊ
የኋላሸት

ማስታወሻ፦ ስቱዲዮውን ሊዘጉ የመጡ ዕለት፣ ሁዳ ስታለቅስ አይተው ትከሻዋን መታ መታ አድርገው «አብሽሪ» ብለዋታል። ቃሉ በራስዎ ደብዳቤ የታገደ መሆኑን በአክብሮት አስታውሳለሁ። ደግሞም አህያው ሲለው ሰው ያምነው ነበር።