ተራራው ወጥቷል ይላሉ

ሌክ ሲቲ፣ ሲያትል
ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሐሴት፣

ይህ ወረቀት ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ቺሊ እስኪደርስ ድረስ አምላክ በጤና ያቆይሽ። እኔ በቸርነቱ አለሁ። "ደህና ነኝ" ብዬ ልጀምር ብዕሩን አንሥቼ ነበር፤ ለምን እንደተውኩት ወደ ታች ስትወርጂ ይገባሻል። ፊደሉን ያተለቅኩት ማንበቡ እንዳይከብድሽ ብዬ ነው። ነፍሷን ይማርና እናትሽ የምሥራች ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን እየወሰደች ያስቆጠረችሽ ፊደል ስለሆነ አይጠፋሽም፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው። የኔን አጻጻፍ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ብትስቂም አልቀየምሽም።

ባለፈው እሑድ የጠየቅሽኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። "አባቢ፣ እዚህ ልቅር ወይስ ልመለስ? ነይ ካልከኝ እመጣለሁ" አልሽኝ። ዝም ስልሽ መስመሩ የተቋረጠ መስሎሽ ሄሎ ሄሎ አልሽ። አልተቋረጠም ነበር። ለሦስት ዓመት እንድትፈርሚ እንደጠየቁሽ፣ እስከ መስከረም መልስ እንደሚጠብቁ፣ በዚያ እሳተ ገሞራ ሥር ብዙ ሕዝብ እንደሚኖር፣ ሁሉንም አስረድተሽኛል። መልሱን ግን በስልክ መስጠት አልቻልኩም። በስልክ ሰው የሚናገረው አፉ የለመደውን ነው።

እስቲ የሰፈሩን ወሬ ላስቀድም። ፍልሰታ ከገባ ወዲህ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ወዳጄ ተክለ ጻድቅ ከማውንትሌክ ቴራስ እየመጣ ይወስደኛል። ያው እንደምታውቂው ነው። መንገድ ላይ ካለው መኪና ሁሉ ጋር ሲጣላ ይቆይና ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ገራም ሰው ይሆናል። ከላይኛው ፎቅ ያሉት እትዬ ኡሙልኸይርም ሰላም በልልኝ ብለዋል። ጾም መሆኑን ስለሚያውቁ ሳምቡሳ ይዘው ሲወርዱ "ምስር ነው፤ ጾምህን አላስፈታህም" ይሉኛል። የእናትሽን ጤና አዳም ውሃ የሚያጠጡትም እሳቸው ናቸው። እኔ ሳጠጣው ግማሹ ከማሰሮው ውጭ ይፈሳል።

ዝናብ የለም፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። በዚህ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ከሰው ሁሉ አፍ የሚወጣው አንድ ነገር ነው። ተራራው ወጥቷል ይላሉ።

በቤታችን ይህን ቃል ቀድሞ ለማለት የነበረውን እሽቅድምድም መቼም አትረሺውም። ደመናው ሲገለጥ ቀድሞ ያየ "ወጥቷል" ይላል፤ እናትሽ ካለችበት ሆና "ተመስገን" ትላለች፤ ከዚያ በፊት ቁርስ አይቀርብም። የዚህ አገር ሰው ሬኒየር ይለዋል፤ እሷ ግን አንድም ቀን በዚያ ስም ጠርታው አታውቅም። ደመና ከሥሩ ተነጥፎ ነጭ አናቱ ብቻ ሲታይ "ዛሬስ ለቅዳሴ ተከናንቧል" ትል ነበር። ገና ልጅ ሳለሽ ከትምህርት ቤት መጥተሽ፣ "ማሚ፣ እኮ ቮልኬኖ ነው፤ ውስጡ እሳት አለ" ስትያት ወደኔ ዞር አለችና፣ "እንደ አባትሽ ነዋ፤ ዝም ብሎ ከውስጡ የሚነድ" አለች። ሁለታችሁም ሳቃችሁብኝ። እኔ ያልረሳሁት ግን ቀጥለሽ ያልሽውን ነው። ተራራው ላይ መሣሪያ ተክለው የሚያዳምጡት ሰዎች አሉ፤ የተንቀሳቀሰ እንደሆነ ከሥሩ ላሉት ከተሞች ይናገራሉ አልሽን። እናትሽ፣ ሰውን ከማስደንገጥ ቢተዉት አይሻልም ወይ ብትልሽ፣ ጉርሻሽን በእጅሽ እንደያዝሽ "ማወቅ አለባቸዋ" አልሽ። ሥራሽ ያን ቀን የተጀመረ ይመስለኛል።

እናትሽ ስትታመም የሆነውን አንቺም እኔም እናውቀዋለን፤ ቁስሉን ለመንካት ብዬ አላነሣውም። አላስካ ፈተና ላይ ነበርሽ። "ልጄ ሳትጨርስ እንዳትሰማ" አለች፤ እኔም፣ ዘመዱም፣ ማኅበሩም እሺ አልን። ሩቅ ላለ ሰው ክፉ ወሬ እንደማይነገር፣ ይህም ርኅራኄ እንደሆነ አምነን ነው ያደግነው። ከዚያ ኤርፖርት ስትወርጂ ተክለ ጻድቅንና ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ቆመው አየሽ። አንድ ቃል ሳንናገር ገባሽ። ከሰልስቱ በኋላ ከመካነ መቃብሩ ስንመለስ መኪና ውስጥ እንዲህ አልሽኝ፦

"አባቢ፣ ከእንግዲህ ደህና ነኝ ስትለኝ በምን አውቃለሁ?"

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ስትደውዪ፣ ደህና ነኝ ካልኩሽ በኋላ ትንሽ ዝም ትያለሽ። ተራራ እንደምታዳምጪው እያዳመጥሽኝ እንደሆነ አውቃለሁ።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ።

መጋቢት ላይ ነው። የሆቴሉን ቫን ይዤ እንግዶች ወደ ፌሪው መርከብ ወደብ እያደረስኩ ነበር። ባልና ሚስት ናቸው፤ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ሜዳ ብቻ በሆነ አገር የኖሩ። የባሕሩን ዳር ይዘን ስንሄድ ሴትየዋ ከኋላዬ እንደ ሕፃን ደስ ብሏት ተራራው ወጥቷል አለች። ቀይ መብራት ይዞኝ ስለነበር እኔም ቀና ብዬ አየሁ። ውሃው አለ። የወደቡ ክሬኖች አሉ። ተራራው በሚቆምበት ቦታ ግን አመድማ ጭጋግ ነው ያለው። ደመና ይሆናል ብዬ ዓይኔን አሸሁ። ባልየው ሁልጊዜ እንዲህ ያምራል ወይ ሲለኝ፣ አዎ፣ ያምራል አልኩት። ያላየሁትን አሞገስኩ። ወደቡ ደርሰን ሻንጣቸውን ሳወርድ ሴትየዋ ልታመሰግነኝ ፊቴ ቆመች። ፊቷን ባየው ፊቷም ያው ጭጋግ ነው። ጆሮዋ ላይ ያለው ጉትቻ ግን ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። እዚያው ቫኑን ፓርክ አድርጌ ለአለቃዬ ደወልኩ፤ ሌላ ሹፌር መጥቶ ወሰደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪ ጨብጬ አላውቅም። ሥራ ቀነስኩ፣ ዕድሜ ነው ያልኩሽ ይህ ነው።

ሐኪም ቤት በስልክ አስተርጓሚ አመጡልኝ፤ ወጣት ሴት ናት፣ ድምፅዋ ያንቺን ይመስላል። ሐኪሙ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ከዚያ ልጅቱ ዝም አለች። ያን ዝምታ ገና ስሰማው አወቅኩት፤ የኛ የራሳችን ዝምታ ነው፣ እንዴት አለዝቤ ልንገራቸው የሚል። "ልጄ፣ እሱ እንዳለው ንገሪኝ" አልኳት።

"እሺ አባቴ" አለች። "የሁለቱም ዓይንዎ መሐሉ ተጎድቷል። የጠፋው አይመለስም። ዳር ዳሩ ግን ይቀራል፤ ጨርሶ አይጨልምብዎትም። የሚሰጥዎት መርፌ ያለውን ለማቆየት ነው ይላሉ።"

አላዘንኩም ብልሽ ውሸት ነው። ግን እፎይ አልኩ። በየቀኑ መነጽሬን ስወለውል፣ አምፖል ስቀይር፣ ደመናውን ስከስ ከርሜ ያለሁበትን ቦታ አወቅኩ። ያቺን ልጅ መረቅኳት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው እናትሽ ካረፈችበት ጊዜ ጀምሮ አንቺ የምትዪው ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ።

ይህን የሚያውቀው ተክለ ጻድቅ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ እስክትፈርሚ ድረስ ትንፍሽ እንዳልል አጥብቆ መከረኝ።

"ታዲያ፣ ብትነግራት ምን ታደርግልሃለች? ሥራዋን ጥላ መጥታ መንገድ ታሻግርህ? ሹፌርህ እኔ አለሁ አይደል እንዴ" አለኝ።

"አንተ ስትነዳማ አለማየቱ ይሻላል" አልኩት።

በጣም ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅለት ግን መሪውን እንደያዘ፣ "ይርጉ፣ ልጅቱን በሰው አገር አታስደንግጣት" አለኝ። ከልቡ ነው። እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው፤ ብዬም አውቃለሁ።

ቤቴ ገብቼ ለጸሎት ቆምኩ። መጽሐፉን ማንበብ ካቃተኝ ሰንብቷል። ውዳሴ ማርያሙ በቃሌ ስላለ አልተቸገርኩም፤ በቃሌ ያልያዝኩት ግን ይርበኝ ጀምሯል። ቆሜ ራሴን ጠየቅኩ። የምደብቀው ለማን ብዬ ነው? እንዳትደነግጪ ነው እላለሁ። ከዚያ ወረድ ብዬ ሳየው እንዳላስቀርሽ ነው እላለሁ፤ ልጄን ከትልቅ ሥራ የመለስኩ አባት መባሉን ስለፈራሁ። ይህም እውነት ነው። ግን ከሱ ሥር ሌላ ነገር አገኘሁ፤ ስጽፈው እጄ ይከብደኛል። ነግሬሽ ሳትመጪ ብትቀሪስ? እሱን ከማወቅ መደበቁ ቀለለኝ። ርኅራኄ ነው ስል የነበረው ግማሹ ፍርሃት ኖሯል። በናትሽ ጊዜስ የማን ፍርሃት ነበር? እሷ አርፋለች፤ እሱን አልመረምርም። የኔን ግን አውቄዋለሁ።

ትናንት ጠዋት ተክለ ጻድቅን አስቸግሬ ፌሪ ላይ ወጣን፤ በእግራችን፣ ማዶ ደርሰን ለመመለስ ብቻ። እናትሽ በትንሣኤ ማግሥት ትወስደን እንደነበረው ማለት ነው። አስታውሺ፣ እኔ ከደጋ የመጣሁ ሰው፣ መጀመሪያ ሰሞን ያን ውሃ ፈርቼ ከመቀመጫዬ አልነሣም ነበር፤ እናንተ ሁለታችሁ ነፋሱ ላይ ቆማችሁ በመስኮት ትጠሩኛላችሁ። ትናንት ግን የመርከቡን መደገፊያ ብረት ይዤ ውጭ ቆምኩ። ተክለ ጻድቅ ቀስ ብሎ "ወጥቷል" አለኝ። አየሁ፤ የለም። ያ ጭጋግ ብቻ።

ከዚያ ነርሷ ያለማመደችኝ ነገር ትዝ አለኝ። ማየት የምትፈልገውን ነገር ፊት ለፊት አትየው፤ ከጎኑ ያለውን እይ ብላኛለች። ተራራውን ተውኩትና ውሃውን አየሁ፣ መርከቡ ከኋላው እየዘረጋ የሚሄደውን ነጭ አረፋ። ያኔ በዓይኔ ጥግ ብቅ አለ። ሙሉውን አይደለም፤ ከትከሻው በላይ፣ እሷ እንደምትለው ተከናንቦ። ቀጥ ብዬ ላየው ስዞር ይጠፋል፤ ወደ ውሃው ስመለስ ይመጣል። እንዲህ እያደረግን ማዶ ደረስን። ተመስገን የሚል ሰው ስላልነበረ እኔው አልኩት።

ልጄ፣ መልሴ ይኸውልሽ። ነይ አልልሽም። ቅሪም አልልሽም። አንቺ ያን ተራራ አዳምጠሽ ከሥሩ ላሉት ሰዎች ትነግሪያቸዋለሽ፤ ከነገርሻቸው በኋላ መሄዱም መቆየቱም የነሱ ነው። እኔም ያለሁበትን ነገርኩሽ። ከፈረምሽ ደስ ብሎሽ ፈርሚ፤ ጥላኝ ሄደች አልልም፤ ልቤ ቢለኝም እገሥጸዋለሁ። እዚህ ተክለ ጻድቅ አለ፣ እትዬ ኡሙልኸይር አሉ፣ አውቶቡሱ ከደጃፌ ይነሣል፣ ቤተ ክርስቲያኑን ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜም አልስተውም። ከመጣሽም በኔ ምክንያት መጣሁ ብለሽ እንዳታዝኚ፤ እንደሱ ከሆነ አትምጪ። ፊደሉ የተለቀው ለአንቺ ብቻ እንዳልሆነ አሁን ገብቶሻል። መስመሩ ከተጣመመም ታገሺኝ፤ የምጽፈውን ቃል አላየውም፣ ከጎኑ ያለውን ነው የማየው።

የእናትሽ አምላክ በምትወጪበት ተራራ ሁሉ ቀድሞሽ ይውጣ። የምትረግጪው መሬት ይጽናልሽ። ድምፅሽን ሰምተው በጊዜ የሚነሡ ሰዎች ይብዙልሽ። እናትሽ ለአንቺ የጸለየችው ሁሉ አንድም ሳይቀር ይድረስሽ። እሑድ ስትደውዪ ደህና ነህ አትበዪኝ። ዛሬ ምን አየህ በዪኝ፤ ያየሁትንም ያላየሁትንም እነግርሻለሁ።

ሁልጊዜ የሚያስብሽ አባትሽ፣
ይርጉ

የረሳሁት፦ የአልጋሽን አንሶላ አጥቤ መልሼ አንጥፌዋለሁ። አቧራ እንዳይዘው ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።