ማዕዘን የሌለው ቤት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

እስከ ረፋድ ድረስ ደህና ቀን ነበር። ከታች ያለው ፎቶ ቤት ሙዚቃውን ዝቅ አድርጎልናል። እኔ መስኮቱ ጋ፣ ባልደረባዬ ኮንክሪት ደግሞ ግድግዳው ጋ… እርሳስና ካልኩሌተር ብቻ ነው የሚሰማው። ኮንክሪት ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አብረን ተምረን፣ አብረን ተቀጥረን፣ አብረን ለቀቅን። ይቺን ሁለት ክፍል ቢሮ ስንከፍት የቤቱ ንድፍ የእኔ፣ የብረትና የሲሚንቶ ስሌቱ የእሱ ሆነ። ፊቱ እንደ ሥራው ነው። አንዴ ከረጋ አይፈታም።

ከዚያ እቴጌ መጡ። ይህን ስም ደግሞ ያወጣው እሱ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሙሉ ቤት ያዘዙን የመጀመሪያዋ ደንበኛ። ባለቤታቸው እንደ ሁልጊዜው በሩ አጠገብ ወንበር ላይ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም። ሰዓት ሠሪ ነበሩ አሉ። ዘንድሮ ሱቃቸውን ዘግተዋል። ሻይ ቀረበላቸው፣ ሳይነኩት ቀዘቀዘ።

"እትዬ፣ ባለፈው የተስማማንበት ፕላን…"

"ተስማምተን ነበር። አሁን አልተስማማንም።"

መስታወት በአራቱም በኩል ይሁን። ፀሐይ ጠዋትም ማታም ትግባ። ግን ከውጪ ማንም ማየት የለበትም። እሺ… ይሄም ይሁን። ቀጥለው፣

"ማዕዘን አልፈልግም።"

"የቱን ማዕዘን?"

"ሁሉንም።"

"እትዬ፣ ማዕዘን የሌለው ቤት እኮ…"

"እንቁላል ማዕዘን አለው?"

ኮንክሪት ቀና ብሎ፣ "እንቁላል ውስጥ ሰው አይኖርም" አለ።

"ጫጩት ይኖራል።"

ጻፍኩት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ከእቴጌ በስልክ የመጣው ፎቶ ብዛት! ወርቃማ የውሃ ቧንቧ። አንበሳ የተቀረጸበት በር። አሁን ደግሞ ጣሪያው ክንፏን እንደዘረጋች ርግብ ይሁንልኝ ብለዋል። ፎቶውን ለኮንክሪት አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየና፣ "ቤቱን ይዛ ብትበርስ?" ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

እማዬ ጋ ዋልኩ። አለቃ ደውለው ነበር አልኳት። የድሮ መሥሪያ ቤቴ… የዲዛይን ክፍሉን ኃላፊነት ሊሰጡኝ ነው። እስከ ኅዳር መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ።

"ታዲያ ምን ታስቢያለሽ?" አለች። "ሰው ወንበሩን ይዞ ይሠራል። አንቺ በር በር እያየሽ ደንበኛ ትጠብቂያለሽ።"

"የራሴ ነው እኮ እማ።"

"የራስሽ የሆነው ምኑ ነው? ሴትዮዋ ናት የምትነዳሽ።"

እውነቷን ይሆን እንዴ? የራሴን ቤት ልሠራ ብዬ ወጥቼ፣ የሠራሁት ነገር ቢኖር እየሣሉ መሰረዝ ነው። የዛሬ ዓመት በዚህ ጊዜ አንድ ቤት ቆሞ አያለሁ ብዬ ነበር…

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

እቴጌ ዛሬም። ሳሎኑ እንጨት፣ መተላለፊያው ድንጋይ፣ ማድ ቤቱ ሸክላ ይነጠፍ። መኝታ ቤቱ ደግሞ ምንጣፍ። "እትዬ፣ እንዲህ ከሆነ እኮ ቤቱ የሱቅዎን መደርደሪያ ነው የሚመስለው" አልኳቸው። በቀልድ ነበር።

"የኔ መደርደሪያ ምን ይለዋል?"

ደረጃም አልፈልግም አሉ። አንድም። ቦታው እኮ ተዳፋት ነው!

"አስተኚው!"

"ኮረብታውን?"

"መሐንዲስ አይደለሽ?"

አርክቴክት ነኝ ማለት ትቻለሁ። ሁሉም መሐንዲስ ነው የሚለኝ። እሳቸው ሲሄዱ ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆም ብለው ጣራ ጣራ እያዩ፣ "ታደክምሻለች አይደል፣ ልጄ?" አሉኝ። ድምፃቸውን የሰማሁት ዛሬ ነው። ለስለስ ያለ ነው። "ምንም አይደል ጋሼ" አልኩ። ዋሸሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ኮንክሪት ፈነዳ። ዓምዶቹን እንደገና አንቀሳቅስ ብዬው… "ወይ እሳቸው ወይ እኔ!" ብሎ እርሳሱን ወረወረ። እርሳሱ በመስኮት ወጣ። ከታች ከፎቶ ቤቱ አንድ ሰው "ኧረ በሕግ አምላክ!" ሲል ተሰማ። በሌላ ቀን ቢሆን እንስቅ ነበር።

አለቃን እሺ ልበላቸው? እሱስ ምን ይሆናል? ብቻውን ይህን ቢሮ ይዞ…

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አንድ የመጨረሻ ነገር እሞክራለሁ። እቴጌ ፕላን ማንበብ አይችሉም፤ ደጋግመው የሚያፈርሱት ስለማይታያቸው ይሆናል። ቤቱን በወረቀት መሣሉን ትቼ መሬቱ ላይ በኖራ ልሣለው። በልኩ። ይግቡበት፣ ይውጡበት። "ይኸው መኝታዎ፣ ይኸው በርዎ" ልበላቸው። ያኔም ካልሆነ ሥራውን እመልሳለሁ፣ ለአለቃም እሺ እላለሁ።

ለኮንክሪት ነገርኩት። "ኖራውን እኔ እይዛለሁ" አለ። ይህ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው እንዲህ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ልብሴን ሳልቀይር፣ ኖራውን ብቻ አራግፌ ነው የምጽፈው።

ጠዋት በኖራ ሣልነው። አምሮ ነበር። ነጭ መስመር በግራጫ አፈር ላይ፣ ክፍል በክፍል። እቴጌ ገና ከመኪና ሲወርዱ ፊታቸው በራ። "ይሄ ሳሎኔ ነው? ይሄ?" እያሉ ተሯሯጡ። መኝታ ቤቱ መሃል ቆመው እጃቸውን ዘረጉ። ሄደው ሄደው የእንግዳ መታጠቢያው ጋ ቆሙና "ጠቧል" አሉ። ያው እሳቸው ናቸው።

ባለቤታቸው ብቻቸውን ቀስ እያሉ ከኋላ ይመጣሉ። መስመሩን ረግጠው አለፉ። ሌላውንም ረገጡ።

"ጋሼ፣ ግድግዳ ጥሰው ገቡ እኮ!" አለ ኮንክሪት። ሰው ለማሳቅ ሲሞክር ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ጋሼ ቆሙ። "የቱን ግድግዳ?"

"ለቀልድ ነው፣ ለቀልድ ነው!" እቴጌ ከወዲያ ጮኹ። ድምፃቸው ልክ አልነበረም። ጋሼ ደንገጥ ብለው ወደ ጎን ሸሸት አሉ። እዚያ ጋ ለፍሳሽ ማጠራቀሚያ የተቆፈረው ጉድጓድ አለ። ገመድ ዙሪያውን ታስሯል፤ ገመዱን ተደግፈው አልፈውት ሊሄዱ… እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ኮታቸውን ከኋላ ጨምድጄ ያዝኩ። ኮንክሪት እኔን ያዘ። ሦስታችንም ኖራው ላይ ወደቅን።

እቴጌ አልጮኹም። መጡና አጠገባቸው አፈር ላይ ተቀምጠው የባላቸውን ፊት በነጠላቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ።

"በቃ ንገሪያቸው" አሉ ጋሼ።

"አልናገርም። ምያለሁ።"

"ያስማልኩሽ እኔ፣ የፈታሁሽም እኔ።"

እቴጌ እንቢ ብለው መጥረጋቸውን ቀጠሉ። ስለዚህ ጋሼ ራሳቸው ተናገሩ። ዓይናቸው እየሄደ ነው። ግራና ቀኙ ጠፍቷል፣ ፊት ለፊት እንደ ቁልፍ ቀዳዳ የምታህል ቀርታለች። ሱቁን የዘጉት ለዚያ ነው። ብርሃን በደንብ ሲኖር ትንሽ ይሻላቸዋል። ሐኪሙ ቀስ በቀስ ሁሉም ይሄዳል ብሏል። "ለማንም እንዳትነግሪ አልኳት። ሰው ሲያዝንልኝ አልወድም።"

በጭንቅላቴ ውስጥ ቤቱ ራሱን እየሠራ ነበር።

"እትዬ… ወለሉ ክፍል በክፍል የተለያየው?"

"እግሩ የት እንዳለ እንዲነግረው።"

"ማዕዘኑስ?"

"ትከሻውን ብታዪው። ጠቁሯል፣ ከበር ከግድግዳ እየተጋጨ።"

"የርግቧ ጣሪያስ?"

ትንሽ አሰቡ። "እሱ ስለሚያምር ነው።"

ጋሼ ሳቁ። ከዚያ ሁላችንም፣ ኖራ ውስጥ እንደተቀመጥን።

እሑድ፣ ኅዳር 14

እማዬ ቤት። ዓይኔን በሻርፕ አስሬ ከሳሎን ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት መኝታ ስዞር ዋልኩ። እማዬ መጀመሪያ "ምን ነካሽ?" አለች። ነገርኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቀጥላ "በግራሽ ወንበር አለ… ኧረ በግራሽ!" እያለች ትመራኝ ጀመር።

ግድግዳ አያስፈራም። ደህና ወዳጅ ነው፤ ተደግፈሽው ትሄጃለሽ። ክፉው ነገር ግማሽ የተከፈተ በር ነው። እጅሽ ከወዲህና ከወዲያ አልፎት ይሄድና ግንባርሽ ያገኘዋል። የቁምሳጥኑ በር አገኘኝ። እማዬ በረዶ ይዛብኝ እየሳቀች አለቀሰች።

ስለዚህ በሮቹ በሙሉ ወደ ጎን የሚንሸራተቱ። መተላለፊያው አንድ ብቻ፣ ቀጥ ያለ። የግድግዳው ጠርዝ ሁሉ ክብ። እጅ የሚይዘው እንጨት ከመግቢያው እስከ ጓሮ ሳይቋረጥ… እንዴ! ደንበኛዬ ለአንድ ወር ሲነግሩኝ የነበረው ይህንኑ አይደል? እሳቸው መልሱን ነበር የሚነግሩኝ። ጥያቄውን ነው የደበቁኝ።

ስወጣ እማዬ በሩ ላይ፣ "ያንን ቤት ጨርሺው" አለች። ስለ አለቃ አላነሳችም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

አለቃ ጋ ሄጄ አመሰግናለሁ፣ ግን አልመጣም አልኳቸው። ግንባሬ ላይ የቀረውን ሰንበር አፍጥጠው እያዩ፣ "ምን ሆነሽ ነው?" አሉ።

"ቤት እየሠራሁ ነው።"

ምን እንደገባቸው እንጃ። ጨብጠውኝ "በርቺ" አሉ። ደረጃውን ስወርድ እግሬ ቀሎኛል። ፍርሃቱ የለም ማለት አይደለም… አለ። ግን የሚያስሮጥ ዓይነት አይደለም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

አዲሱን ፕላን አሳየናቸው። ለጋሼ በወፍራም ካርቶን ትንሽ ቤት ሠርተንላቸው ነበር፣ ጣሪያው የሚነሳ። ጣታቸውን መግቢያው ላይ አኖሩና ቀስ ብለው በመተላለፊያው ሄዱ። ሳሎን ገቡ። ወጡ። መኝታ ቤት ገብተው ቆዩ። "እዚህ ጠዋት ፀሐይ አለች?" "አለች፣ ጋሼ። ልክ አልጋዎ ላይ።" ጣታቸውን እዚያው አቆዩት።

ኮረብታውንም አስተኛነው፤ ቤቱን ከላይኛው መንገድ በኩል አስገብተን ከደጅ እስከ ጓሮ አንድ ወለል አደረግነው። ኮንክሪት ዓምዶቹን በሙሉ ግድግዳ ውስጥ ደበቃቸው። ማንም ሳይጠይቀው።

እቴጌ ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ "ርግቧስ?" አሉ።

"ርግቧ አትሆንም፣ እትዬ።"

"አንድ ክንፍ ብቻ?"

"አትሆንም።"

ተከራክረን ተከራክረን በወርቃማው ቧንቧ ታረቅን። አስቀያሚ ነው። ይሁን… የሳቸው ቤት ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 16

መሠረቱ ተሞላ። ሲሚንቶው ሲፈስ እቴጌ ጃንጥላ ይዘው ቆመው ዋሉ። ሠራተኞቹን አላስቀመጧቸውም። ምሳቸውን ግን ሁሉንም አብልተዋል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 22

ዛሬ ጋሼ ቤታቸው ገቡ። ለመኖር ገና ነው፤ ቀለሙ ይቀራል። ለመሞከር ነው። "ብቻዬን" አሉ። እቴጌ እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡት። እኛ ውጪ ቆምን።

ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማን። ጫማቸው ድንጋዩ ላይ ቋ ቋ። ከዚያ እንጨት ላይ፣ ደፈን ያለ። "ሳሎን ገባ" አሉ እቴጌ በሹክሹክታ። በር ሸርተት አለ። ጸጥታ። እቴጌ ክንዴን ጨምድደው ይዘውኛል፣ ጥፍራቸው ይሰማኛል። ኮንክሪት መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ከቤቱ ጀርባ፣ ከጓሮ፣ አንድ ሰው ፉጨት ጀመረ። ቀስ ያለ፣ ዜማ የሌለው፣ ሰው ሥራ ላይ ሆኖ የሚያፏጨው ዓይነት።

"ሱቁን ከዘጋ ወዲህ አፏጭቶ አያውቅም" አሉ እቴጌ። ዞር ብለው አለቀሱ። እኔም።

እያፏጩ በዚያው መንገድ ተመልሰው መጡ፤ ምንም ሳይነኩ፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው። በረንዳው ላይ ቆሙ። እግራቸውን ወዲያና ወዲህ አንሸራተቱ፣ የሆነ ነገር እንደሚፈልጉ።

"ልጄ፣ ቤቱ ግሩም ነው" አሉ። "ግን አንድ ነገር ጎድሎታል።"

"ምን ጋሼ?"

"ደረጃ።"

ኮንክሪት ጎንበስ ብሎ የበረንዳውን ጠርዝ አየ።

"ሁሉን ደልድላችሁ ጨረሳችሁት። ሰው ደጁ ላይ የት ይቀመጣል? እግሬን ዘርግቼ መንገደኛ የምሰማበት፣ ጎረቤት ሲያልፍ 'አረፍ በል' የምልበት አንዲት ደረጃ እፈልጋለሁ። ለዓይኔ አትፍሩልኝ፣ የት እንዳለች አውቃታለሁ። እኔው ነኝ ያዘዝኳት።"

"አንተ ሰው!" እቴጌ ተነሡባቸው። "በረንዳው እኮ ተሠርቶ አልቋል! እንዴት አሁን? ሰው እንዲህ ያደርጋል? ልጆቹን ልትገድላቸው ነው እንዴ?" ዞረው እኔን፣ "ልጄ፣ እንዳትሰሚው። አስቸጋሪ ሰው ነው!"

ኮንክሪትን አየሁት። ከንፈሩን ነክሶ ወደ ሰማይ ያያል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሳይችል ቀረና በሳቅ ፈረሰ። ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ጋሼ እግር ሥር ተንበረከከ። "ምን ያህል ከፍ ትበል፣ ጋሼ?"

ሰኞ በረንዳው ይፈርሳል። እንዴት ደስ እንዳለኝ!