የጀማል ዘፈን ሦስተኛ አንጓ

ቅዳሜ፣ ጥር 6፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

መድኃኒት ወሰድኩ። ሁለት አንጓ አረምኩ። ልጄ ጀማል አማርኛ መጻፍ ያቆመው ከደሴ ስንወጣ፣ በአሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የሮክ ዘፈኑን ግጥም እንዳርምለት ሰጠኝ። ሠላሳ ዓመት ደብተር ሳርም እንዲህ ያለ እርግማን አላየሁም። ለደርግ ነው፦

ሰልፍህ ይበተን፣ ማይክህ ይቃጠል፣
የገደልከው ሁሉ በርህን ክፈት ይበል!

ጊታሩ እንደ ብረት መጋዝ ይጮኻል። እዚህ ጅዳ፣ የበግዳዲያ ሰፈር ጎረቤት እንዳይሰማ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኗል። ያም ሆኖ የላይኛው ፎቅ ሰውዬ ወለሉን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበ። ጀማል ሳቀ። ከበሮ መቺ አገኘን አለኝ።

ሰኞ፣ ጥር 8

ደብተሬ፣ ወረቀቱን ገለበጥኩ። በጀርባው ሦስተኛ አንጓ አለ።

አባቴ አስተማሪው፣ ሰዓት አክባሪው፣
ልጁን በእጁ ይዞ ለገዳይ አስረካቢው።

የሚያውቅ አልመሰለኝም ነበር። ታላቅ ወንድሙ ኑሩ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ቀበሌ ለጥያቄ ጠራው። መሸሽ ፈለገ። ካላጠፋህ ምን ያስፈራሃል አልኩት። ሸሚዙን ተኩሼለት እኔው ቀበሌ ወሰድኩት። አልተመለሰም። እናታቸው ዘይነብ ያን ሳምንት ለለቅሶ ሐይቅ ከተማ ነበረች። ወታደሮች ከት/ቤት ወሰዱት አልኳት። እስከ ዛሬ የምታውቀው ይህንኑ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 10

አንጓውን አውጣው አልኩት።

«ውሸት ካለበት በቀይ ያስምሩበት፣ አባባ።»

ቀዩን እስክሪብቶ ይዤ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አንድ ስህተት አገኘሁ። ከታች ባለው ስንኝ የወሰድኩበትን ሰዓት ማታ ብሎታል፤ ጠዋት ነው። ለ3 ሰዓት ተጠርተን ሩብ ጉዳይ ላይ ደርሰናል። አረምኩት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሐሙስ፣ ጥር 11

ነገ ከጁምዓ በኋላ በካሴት ይቀዳል። ጓደኞቹ አባዝተው ጅዳና መካ ላለው ሐበሻ ሊያዳርሱት ነው። ዘይነብ መካ፣ ሚስፈላ ሰፈር፣ እህቷ ዘንድ ናት። የእህቷ ልጆች ካሴት ሲያጫውቱ ነው የሚውሉት። ሳምንት ሳይሞላ ትሰማዋለች። ጥቂት ቆይ ብዬ ለመንኩት።

«ዘጠኝ ዓመት ዝም አልኩልዎ። ኸላስ፣ በቃ!»

ጊታሩን እሰብረዋለሁ ብዬ ጮህኩ። እኔ! እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። ኑሩን ይዤ ስወጣ እንዳየን፣ ለእናቱ ያን ውሸት ስነግራትም በሩ ሥር ቆሞ ይሰማኝ እንደነበር ነገረኝ። እሷን ላለማስለቀስ ዝም አለ።

ዓርብ፣ ጥር 12፣ መካ

ጎህ ሲቀድ ታክሲ ያዝኩ። ጀማልን አንጓው እንዳለ ይቀዳ ብዬው ወጣሁ። 

ለዘይነብ የምናገረውን በተራ ቁጥር ጽፌ ነበር። መንገድ ላይ ቀደድኩት። ቁጥር 1 «ሁኔታው አስገድዶኝ» ይላል። ማንም አላስገደደኝም።

አሁን እህቷ ሳሎን ተቀምጫለሁ። ዘይነብ ከሐረም፣ ከታላቁ መስጊድ፣ እየተመለሰች ነው። ደረጃው ላይ ድምጿን ሰማሁ፤ አሳንሰር ያላስገባውን የቤቱን ባለቤት እየረገመች ትስቃለች። መጀመሪያ «ኑሩን የወሰድኩት እኔ ነኝ» እላታለሁ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ። ለምን ዋሸኸኝ ካለችኝ ደግሞ… በሩ ተከፈተ።