የእማዬ ድምፅ ያለበት ሃርድ ዲስክ

እህትዓለም፣

ስቶር ያለውን፣ ፋይሎቻችን የተቀመጡበትን ሰርቨር እንዳትነኪው። ካውያ የምትሰኪ ከሆነ የሳሎኑ ሶኬት አለልሽ፤ እባክሽ የሱን ገመድ አትንቀዪ። ስንቴ እንደነገርኩሽ እንጃ።

ጠዋት ስነሳ የሰርቨሩ ዲስክ ሲንቋቋ ሰማሁት። ብዙም አይቆይም። ፋይሎቻችንን ለማንም አንሰጥም ብዬ በገዛ እጄ የገጣጠምኩት እኔ፣ "ባክአፕ አድርግ" ስትዪኝ ስድስት ወር ሙሉ "ቅዳሜ፣ ቅዳሜ" ስል የከረምኩትም እኔው ነኝ። እሱን አውቃለሁ።

ከሥራ አስፈቅጄ እስከ ስምንት ሰዓት ስገለብጥ ዋልኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ጥቁር ሃርድ ዲስክ ውስጥ አንቺ የተረጎምሻቸው ጽሑፎች፣ ፎቶዎቹና የእማዬ ድምፅ አሉ። ለሁሉም ቦታ አልበቃም። የኔ ሥራዎች ቀርተዋል፣ ግድ የለም።

ነገ ይዘሽው ሂጂና ቢሮሽ መሳቢያ ውስጥ ቆልፊበት። ሰርቨሩም ቅጂውም አንድ ቤት ከተቀመጡ ምን ዋጋ አለው።

ቅጂው መሥራቱን ለማረጋገጥ አንዱን ከፍቼ ሰማሁ። እማዬ ሆስፒታል ሳለች የቀዳሽው ነው።
"ወንድምሽ መጣ?" ትልሻለች።
"መንገድ ላይ ነው እማዬ፣ አሁን ይደርሳል" ብለሽ ትመልሺላታለሽ።

መንገድ ላይ አልነበርኩም። እንደዚያ ሆና ማየቱን ፈርቼ፣ ስልኬን ዘግቼ እዚሁ ክፍሌ ተኝቼ ነበር።
አንቺም ታውቂ ነበር።

እማዬ ካረፈች ይኸው ሁለት ዓመት፣ አንድም ቀን አላነሳሽብኝም።

በጣም ደክሞኛል፣ ግን ለከሰዓቱ ሥራ መግባት አለብኝ። ስመለስ ቁጭ እንበልና ያንን ነገር አንሺብኝ።