ሳሎን ውስጥ የሚግለው ማሽን

ሰኞ
ደግሞ ጠፋ። አማቴ ድራማቸውን እያዩ፣ ልጅቷ ምስጢሩን ልትናገር አፏን ስትከፍት እልም። ቴሌቪዥኑን አጋርፋ ከተማ ለተዳረችው እህቴ ሰጥቼ፣ «በዚህ እናያለን» ብዬ ነበር ይሄን ባለ ሁለት ፕሮሰሰር አሮጌ ኮምፒውተር ሳሎን የጎለትኩት። ፊልም ሲቆራርጥ የሁለቱንም ፕሮሰሰር ፍጥነት ከተሠሩበት በላይ ከፍ አደረግሁ። አሁን አይቆራርጥም። ግሎ ይጠፋል እንጂ።
አማቴ ከጊኒር እኛ ዘንድ ሮቤ የመጡት ጎባ ሆስፒታል ጉልበታቸውን ሊታከሙ ነው። ባለቤቴ ሙና አስጠንቅቃኛለች፦ እናቷ ሕክምናውን ሳይጨርሱ ከፍቷቸው ቢሄዱ፣ እኔም ማሽኔም ወዮልን።

ማክሰኞ
አቧራውን በጥርስ ብሩሽ ጠረግሁ። ፕሮሰሰሮቹ ላይ ሙቀት የሚያስወጣ አዲስ ቅባት። ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ፋን። የሮቤ ብርድ ጣቴን አደንዝዞኝ ብሎን መያዝ አቅቶኛል፣ ይሄ ጉድ ይፈላል!
ማታ ጠፋ። አማቴ ናቸው የሚያጽናኑኝ። «ዲሲ» ይሉኛል በኦሮምኛ፣ «ተወው ልጄ። ደክሞት ነው።»

ረቡዕ
እናትና ልጅ ጎባ ለሕክምና ዋሉ። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሠራ፤ ንቅንቅ የለም። ለሙና ደውዬ ጉራዬን ነዛሁ።
ተመልሰው መግሪብ ተሰግዶ ድራማው ተጀመረ። ጠፋ። ሙና «እናቴን አፍሮ ነው፤ እንደ አንተ» አለች። እውነቷን ነው፤ አማቴ ሳሎን ካሉ እኔ መኝታ ቤት ነኝ። በእኛ ወግ አማች አማቱ ፊት ተዘርፍጦ አይቀመጥም።

ሐሙስ
በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። ነፋስ ያቀዝቅዘው ብዬ ከማሽኑ በላይ ያለውን መስኮት ከፍቼ ወጣሁ። ስመለስ አማቴ ሻንጣቸውን እያዘጋጁ ነው። «ጉልበትሽን እናሳክም ብላችሁ አምጥታችሁኝ በብርድ ልትጨርሱኝ? ጊኒር ገብቼ ልሙቅ።» ሙና ለምና እስከ እሑድ አስቆየቻቸው። እኔን አላናገረችኝም። ተናደድኩ፤ በራሴም፣ በብረቱም።

ዓርብ
ከጁምዓ ሶላት ስመለስ ሳሎኑን በጨረፍታ አየሁ። ማሽኑ ወለል ላይ ከተነጠፈው የመጅሊስ ፍራሽ ጥግ ነው፣ ጀርባው ወደ ፍራሹ፤ ስክሪኑ ለብቻው ፊት ለፊት። አማቴ እግራቸውን ከኋላው ዘርግተው፣ ጋቢያቸውን ከጉልበታቸው እስከ ማሽኑ ጀርባ ድረስ አልብሰውታል። የሙቀት መውጫው ድፍን! ይኸው፣ ሳምንቱን ያሳበደኝ።
ምን ልበል? አማትን ከተቀመጡበት ተነሱ ማለት አይታሰብም። ደንግጬ ስቆም አዩኝ። «ወላሂ፣ ይሄ ነገር ለጉልበቴ ከመርፌው ይሻላል» አሉ። «ግን ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። ባይጠፋ የትም አልሄድም ነበር።»

ቅዳሜ
ፍጥነቱን ብቀንሰው አይጠፋም፤ ግን አያሞቅም። ካላሞቀ ሻንጣው ይነሣል። ስለዚህ የዘይት ቆርቆሮ ቀድጄ፣ ጣቴንም ቀድጄ፣ ከማሽኑ ጀርባ ወደ ፍራሹ የሚወስድ ቦይ ሠራሁ። ጋቢው ከቦዩ አፍ ራቅ ብሎ፣ ሙቀቱ ከጉልበታቸው ሥር እንዲወጣ። አማቴ እየተጠቀለሉ «ቤት ሠራህልኝ» አሉኝ። ድራማው እስከ መጨረሻው ታየ። ልጅቷም ምስጢሩን ተናገረች፤ ይሄ ነው እንዴ?

እሑድ
ሻንጣው አልጋ ሥር ገብቷል። ሙና አናገረችኝ፤ ሳቀችም።
ማታ አማቴ ከሳሎን ጠሩኝ። «ልጄ፣ ዛሬ ብርዱ በርትቷል። ትንሽ አትጨምርበትም?»
ሳምንቱን ሙሉ ላቀዘቅዘው የለፋሁበትን ማሽን ቁጭ ብዬ ፍጥነቱን ጨመርኩበት። ይንደድ አይንደድ እንጃ። ብቻ ሕክምናው እስኪያልቅ ይቆይልኝ፣ ያ ረቢ።